ከቀብሩ በኋላ የነቁት

ረቡዕ፣ ኅዳር 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ሲጮኽ፣ እንደ ሰሞኑ ሁሉ የሟቹ ጓደኛ ወንድይፍራው ከፋና ቀድሞ አነሣው። ባሏ ዓለምሰገድ ከተቀበረ ወዲህ የቤቱ ስልክ የእሱ ሆኗል። ከዋሽንግተን፣ ከሮም፣ ከካርቱም ለሚደውለው ሁሉ በዚያ ወፍራም ድምፁ «አዎ፣ ሰው ሞልቷል... ደህና ናት፣ ትንሽ ቀምሳለች» እያለ ይመልሳል። ፋና አልቀመሰችም። የጠየቃትም አልነበረም።

ይህኛው ጥሪ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። «የስ... የስ» አለና ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከድኖ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሽ ላይ ወደተቀመጡት ሴቶች ዞረ።

«ከሆስፒታል ነው። የዓለምሰገድ አንድ ነገሩ አልሞተም ይላሉ።»

የሻይ ብርጭቆ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ምንድን ነው የምትለው አንተ?» አሉ እትዬ ዘሪቱ። በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ስለሆኑ ከፋና ጎን ያለውን ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዘውታል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ሳያለቅስ እንደገባ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ከዕጢው ያወጡት ሴል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እያሳደጉት ነው። ነገ የታንክስጊቪንግ በዓል ስለሆነ ይዘጋሉ። ሶ፣ ፋና ዛሬ መጥታ ይቆይ ወይስ ይጣል ትበለን ነው የሚሉት።»

ፋና ተነሣች። ያዘቀዘቀችውን ነጠላ በአንድ እጇ ሰብስባ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። የባሏ ሐኪም ዶክተር ሃሎራን ራሱ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጠ የሚናገረው ሽማግሌ። ማዘኑን ነገራት። ባሏ በሕይወት ሳለ «እኔ ከሞትኩ ሚስቴን ጠይቃት» እንዳለው አስታወሳትና እሷ ሳትፈቅድ አንድ ቀን እንኳን መቀጠል እንደማይፈልግ ነገራት።

«እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስትዞር ሹክሹክታው ተጀምሯል።

«ጉሮሮውን አልቀበርነውም ማለት ነው?»

«ሰውዬው ጎድሎ ነው የገባው በይኛ!»

«ጠርሙስ ውስጥ! እንደ ሃላፒኖ ቃሪያ!»

«እረ ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ፋና ሰምታለች።

ወሬው ብዙም ሳይቆይ ደረጃውን ወርዶ ከፎቁ ሥር ካለው የመኪና ማቆሚያ ደረሰ። ድንኳን መትከል ስለማይቻል ወንዶቹ የሚያስተዛዝኑት እዚያ ነው፤ ታክሲዎቻቸውን ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ባለው መንገድ ላይ አሰልፈው፣ ከቤተክርስቲያን የመጣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ። ጋሼ ቀለመወርቅ የያዙትን ካርታ ገልብጠው አስቀመጡና ወጡ። የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው። አገር ቤት ፍርድ ቤት ሠርተዋል፤ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ።

«ልጄ ፋና» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «አባቴ በሕይወት ሳሉ የተቆረጠች ጣታቸው ቤተክርስቲያን አጥር ሥር ተቀብራ ነበር። ሲሞቱ አውጥተን አብረን ነው ያሳረፍናት። አንዲት ጣት ናት እንግዲህ።»

«ይገባኛል ጋሼ።»

«እንግዲያው ሂጂና አምጪው። ቄሱን እኔ አነጋግራለሁ። የመቃብሩ አፈር ገና አልጠጠረም።»

«እሱ ራሱ ነው የፈቀደው።»

«ማን?»

«ዓለምሰገድ። ለዶክተሩ ውሰድ ያለው እሱ ነው።»

«በየትኛው አፉ?» አሉ እትዬ ዘሪቱ ከፍራሹ ላይ።

ማንም አልሳቀም። ማንም ግን ምነው እትዬ አላለም።

«በማሽኑ» አለች ፋና።

«እሱማ ማሽኑ ነዋ የፈቀደው። ያ እንደ ንብ የሚጮኽ ነገር።»

ጋሼ ቀለመወርቅ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ከልብስ ሣጥን ውስጥ አዲስ ነጭ ጨርቅ አስወጥተው፣ አራት ላይ አጥፈው፣ ለፋና በሁለት እጃቸው ሰጧት። «በዚህ ጠቅልለሽ» አሉ። «በፕላስቲክ እንዳታመጪው።» ወደ ወንድይፍራው ዞሩ። «አንተ ድራይቭ አድርግላት። ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ።»

ፋና ጨርቁን ተቀበለች። እምቢ ብትል ቤቱ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እሺ ብትል ደግሞ ባሏ ያለውን ትሽራለች። ደረጃውን ስትወርድ ካርታ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙላት። እነዚህ እግሮች ክረምቱን በሙሉ ያንን ደረጃ አልረገጡትም።

*

ዓለምሰገድ ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ የሚታወቅ ሰው ነበር። የታክሲ ድርጅት ራዲዮ ላይ ተቀምጦ ሾፌሮችን ያሰማራል። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ከተማውን ሳያውቁ መሪ የጨበጡ ልጆች ሎስ አንጀለስን ያወቋት በእሱ ድምፅ ነው። «አምሃ፣ አሁንም ላ ብሬያ ላይ ነህ? ቤት ልትሠራ ነው እንዴ እዚያ?» «ጌታሁን፣ ሴትዮዋ ሻንጣ አላት፤ ውረድና አንሣላት፣ ልዑል አይደለህም።» ብቻቸውን መኪና ውስጥ ሆነው ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አምሃ ዝናብ እየዘነበ ፍሪዌይ ላይ ጠፍቶበት ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓለምሰገድ ሌላውን ሁሉ ከመስመር አስወጥቶ «አትቸኩል፤ ቀኝህን ያዝ፤ እኔ እዚህ ነኝ፤ የምታየውን ታፔላ አንብብልኝ» እያለ እስከ ፓልምስ አደረሰው።

ያው ድምፅ ግን ሰው ያርድ ነበር። ወንድይፍራው ሥራ በጀመረ ሰሞን ቬኒስ ባሕር ዳርቻ ውሰደኝ ያለውን መንገደኛ ቫን ናይስ ወስዶት፣ ሰውዬው ባሕር እየጠበቀ ሸለቆ ውስጥ ነቃ። ዓለምሰገድ ይህን በየጠዋቱ በራዲዮ ተረከው፤ የወንድይፍራውን አነጋገር እየቀዳ፣ የመንገደኛውን ማዛጋት እየጨመረበት። ሾፌሩ ሁሉ በሳቅ ይሞታል። ወንድይፍራውም አብሮ ይስቃል። ፋና «ይብቃው እንግዲህ» ስትለው «ወንድሜ አይደል እንዴ?» ይላት ነበር። ወንድሙ እንደሆነ እውነት ነው። ከካርቱም ጀምሮ በአንድ ድስት በልተዋል።

ድምፁ መሻከር ሲጀምር ጉንፋን ነው አለ። ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ ሞከረ፤ ሲጋራውን ግን አልተወም። ሐኪም ቤት የሄደው ሾፌሮቹ «ድገመው፣ አልሰማንህም» ማለት ሲያበዙ ነው። ያን ጊዜ መሽቷል። በሚያዝያ የድምፁን ሣጥን አወጡት፤ አንገቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ተከፈተለት፤ ሲናገር አንገቱ ላይ የሚጫነው፣ የእጅ ባትሪ የሚመስል ማሽን ተሰጠው።

ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ። ይበቃኛል ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማይክሮፎኑን ከፍቶ፣ ማሽኑን ጭኖ፣ «ፌርፋክስና ፒኮ ላይ ማን አለ?» አለ። መልስ አልመጣም። ደገመው። ከዚያ ከአንዱ ታክሲ ውስጥ «ብዝዝዝዝ» የሚል መጣ፤ ከሌላው ደግሞ ሳቅ። ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወንድይፍራው ነው፤ ለጊዜው ተብሎ።

ፋና ዊልሸር ላይ ባለች የፓርኪንግ ሣጥን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቲኬት ትቆርጣለች። ማታ ስትገባ ዓለምሰገድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ታገኘዋለች። ምግቡን በቱቦው ስትሰጠው፣ የአንገቱን ጨርቅ ስትቀይርለት፣ ማሽኑን ያነሣና «ዛሬም ማንም አልመጣም» ይላታል። ያቺ ነጠላ፣ ደረቅ፣ ከብረት የወጣች ድምፅ። ሌላ ብዙ ነገር አይናገርም። ዛሬም ማንም አልመጣም። እሷም የአንገቱን ጨርቆች ባኞ ቤት ስታጥብ የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራች ትረግም ነበር። ወንድይፍራው። አምሃ። ጌታሁን። እትዬ ዘሪቱ።

*

ታክሲው ውስጥ ወንድይፍራው መጀመሪያ ስለ መንገዱ አወራ። ነገ በዓል ስለሆነ ከተማው ሁሉ ወደ ኤርፖርት እየነዳ መሆኑን፣ በኦሎምፒክ ጎዳና መሄድ እንደሚሻል። ራዲዮውን ዘግቶታል። ፋና ነጩን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች።

«ዶክተሩ ግን እነዚህ ሴሎች ምንድን ናቸው ነው የሚለው?» አላት። «ካንሰሩ ናቸው?»

«አይደሉም። የራሱ ናቸው።»

ይህን የሰማችው ነሐሴ ላይ ነው። የአንገቱ ጎን እንደገና አብጦ፣ እንደገና ቀደዱት። ዶክተር ሃሎራን ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ዕጢህ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች አግኝተናል» አለ። «በጣም ብዙ። በሽታን እንዲወጉ ሰውነትህ የላካቸው ናቸው።»

«ጥሩ ነዋ?» አለች ፋና።

«በአንዳንድ ሰው ላይ ጥሩ ነው። ገብተው ይዋጋሉ፣ በሽታው ይዘገያል። የእሱ ግን ገብተው ቆመዋል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ዕጢውን እያገዙት ይመስለናል፤ አዲስ ደም ሥር እንዲያበቅል፣ ሌሎቹን ዝም እንዲያሰኝ። ለምን እንደሆነ ገና በደንብ አናውቅም።»

ዓለምሰገድ ማሽኑን አንገቱ ላይ ጫነ። «የራሴ ናቸው?»

«የራስህ ናቸው።»

«እዚያው ውስጥ ሆነው?»

«እዚያው ውስጥ።»

ሳቀ። ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። አየሩ ከአንገቱ ቀዳዳ ቱፍ ቱፍ እያለ ሲወጣ፣ ቀዳዳውን የሸፈነው ጨርቅ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋና ያንን ሳቅ ጠላችው። ዶክተሩ እስኪያበቃ ጠበቀና የሚፈልገውን ተናገረ፤ ሴሎቹን ከዕጢው ለይቶ፣ ብቻቸውን አብልቶ፣ ይነቁ እንደሆነ ማየት ነው። «ለአንተ አይደርስም» አለው። «ልዋሽህ አልፈልግም።»

«ውሰዳቸው» አለ ዓለምሰገድ። «እኔ ጋ ሆነው ምን ሠሩ?» ከዚያ ጥቂት አሰበና ጨመረ። «ከሞትኩ በኋላ ግን እሷን ጠይቅ። የምታበላኝ እሷ ናት።»

ፋና ይህን ለወንድይፍራው በአጭሩ ነገረችው። ስትጨርስ መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ወንድይፍራው» አለችው።

«አቤት።»

«ለምን አልመጣህም?»

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነ ታውቃለህ።»

መብራት ያዛቸው። አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፋበት አልተንቀሳቀሰም።

«መጥቼ ነበር» አለ።

«አልመጣህም።»

«ሰኔ ላይ። አንቺ ሥራ ነበርሽ። ብርቱካን ይዤ።» የራሱ ቃል አሳፈረው መሰል ፊቱን አኮማተረ። «ብርቱካን! በቱቦ ለሚበላ ሰው! በሩን ከፈተልኝ። ዓለሜ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ አልኩት። ያን ነገር አንገቱ ላይ አደረገና ‘ድምፅህን ይዘህ ሂድልኝ’ አለኝ። ዘጋው።»

«አንዴ ነው እንግዲህ የመጣኸው።»

«ተመልሼ መጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ አልከፈተም፤ ግን ከበሩ ኋላ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ያ ትንፋሹ እንደሆነ ያስታውቃል አይደል? ለእነ አምሃም ሰው ማየት አይፈልግም፣ አታስቸግሩት አልኳቸው። እሱን አልክድም።»

«እኔን አልነገረኝም።»

«ምን ብሎ ይንገርሽ?»

ዛሬም ማንም አልመጣም። በየማታው፣ ጨርቁን ስትቀይርለት፣ ዓይኗን እያየ። እየረገመች ስታጥብ የውሃውን ድምፅ ከአልጋው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ፋና መስኮቱን ወደ ታች አወረደች። የገባው አየር የቤንዚን ሽታ ነበረው፤ መልሳ ዘጋችው።

*

ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። ወንድይፍራው ፓርክ አድርጎ እስኪመጣ ጠብቃው አብረው ወረዱ። ዶክተር ሃሎራን አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ አስከትሎ በሩ ላይ ተቀበላቸው። ፋና ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«የባሌ ጉሮሮ የት ነው ያለው?»

ዶክተሩ የሚጠብቀው ጥያቄ አልነበረም። ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ገባው።

«ጉሮሮው የለም» አለ። «ከሚያዝያው ኦፕራሲዮን በኋላ ተመርምሮ፣ ለምርመራ ከተያዘችው ቁራጭ በቀር የቀረው በደንቡ መሠረት ተቃጥሏል። እኔ ጋ ያሉት ነሐሴ ላይ ያወጣናቸው ሴሎች ብቻ ናቸው። አዝናለሁ። ማንም እንዳልነገራችሁ አላወቅሁም።»

«ተቃጠለ?» አለ ወንድይፍራው በአማርኛ፣ ለራሱ።

ፋና ጨርቁን ከብብቷ ሥር አስገባችው። «ያሉትን አሳየኝ።»

ልጅቷ ማቀዝቀዣ ከሚመስል፣ ሲነካ ግን ከሚሞቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ሣጥኑ ሁልጊዜ በሰው ገላ ሙቀት ልክ እንደሚቆይ ነገረቻት። ከጠርሙሱ ሥር እንደ ሻይ የቀላ ውሃ ነበር፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጠርሙሱን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ለፋና ቦታ ለቀቀችላት።

መጀመሪያ የራሷን ሽፋሽፍት ነው ያየችው። ከዚያ ብርሃኑ ጠራ። ትልልቅ፣ ቅርጻቸው የተበላሸ ነገሮች ተጣብቀው ተኝተዋል። ዙሪያቸውን ትንንሽ ክቦች፣ ብዙ፣ ተጠግተው፣ ተደራርበው ይነካኳቸዋል።

«ትልልቆቹ ካንሰሩ ናቸው» አለ ዶክተሩ ከኋላዋ። «ትንንሾቹ የእሱ ነጭ ሴሎች ናቸው። ዕጢው ውስጥ ሳሉ ምንም አያደርጉም ነበር። ለብዙ ሳምንት ለይተን ካበላናቸው በኋላ ግን ከራሱ ካንሰር ጋር መልሰን ስናገናኛቸው... ያች ጥግ ላይ ያለችውን ታያለሽ? የፈረሰችውን? እነሱ ናቸው ያፈረሷት።»

«ይገድሉታል?»

«አዎ። ይገድሉታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዶክተሩ ወደ ልጅቷ ተመለከተ።

«ካለፈው ዓርብ» አለች ልጅቷ።

ዓለምሰገድን የቀበሩት ሐሙስ ነው። ፋና ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሣችም። ትንንሾቹ ክቦች ቦታቸውን አልለቀቁም፤ በትጋት ተጠግተዋል፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ።

«አሁን ነው የነቁት?» አለች። በአማርኛ ነበር ያለችው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገመችው። «አሁን? ሰውዬው አፈር ከገባ በኋላ?»

«ይቅርታ...»

«በቁሙ ሳለ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበሩ» አለ ዶክተሩ። «ሴሎቹን አትውቀሻቸው። ዕጢው ራሱ ነው ዝም ያሰኛቸው ብለን እንገምታለን። አጠገቡ እስካሉ ድረስ ያደነዝዛቸዋል። ከእሱ ሲለዩ ነው የሚያገግሙት።»

ጣሉልኝ የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። የጨለማ ቀን ሲያልፍ የሚመጣ ደፋር ምን ያደርጋል? ወንድይፍራው ከበሩ ላይ «እኔም ልየው?» አላት። ለቀቀችለት። ረጅም ሰው ስለሆነ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ልክ ሬሣ ሲሰናበት እንዳደረገው አየ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እነዚህ ከአሁን ወዲያ ማንን ይጠቅማሉ?» አለች ፋና ለዶክተሩ።

«አላውቅም» አለ። «ምናልባት አንድ ቀን ሌላ በሽተኛ። ምናልባት ማንንም አይጠቅሙ ይሆናል።»

ማንንም አይጠቅሙ። ቢዋሻት ኖሮ ጣሉልኝ ትለው ነበር።

«እዚያ ቤቴ የተቀመጠውን ሁሉ እያበላሁ አይደል?» አለች። «እነዚህንም አብሏቸው።»

*

ሲመለሱ ወንድይፍራው ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው አልወረደም።

«ፋና፣ ስሚኝ» አለ። «ጨርቁ ውስጥ ጥጥ እናድርግ። ትንሽ ጥጥ፣ ትንሽ ሳጥን። እኔ እይዘዋለሁ፣ ማንም አይፈታውም። ተቀብሮ ነገሩ ያበቃል። ካለበለዚያ ሽማግሌው አይለቁሽም።»

«ከዚህ ቤት የወጣው ውሸት አይበቃም?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እሱም ለእኔ ብሎ ይሆናላ» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች።

ጋሼ ቀለመወርቅ ደረጃው ራስ ላይ ቆመው ነበር። የፋናን እጅ አዩ።

«የታለ?»

«የለም ጋሼ። ሚያዝያ ላይ ተቃጥሏል።»

ክፍሉ ውስጥ አንዷ «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሼ ቀለመወርቅ የክርስቲያን ሥጋ በእሳት ማለት ምን እንደሆነ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረባቸውና ተዉት። በእውነት አዝነው ነበር። ፋና ያንን አየችላቸው።

«ያደገውስ? አለ የተባለው?»

«እሱ አለ። እንዲቆይ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ቄሱ ይህን ሲሰሙ ምን እንዲሉ ነው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ይንገሩልኝ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ እኔ ለዚህ ሐዘን ሊቀመንበር አይደለሁም» አሉ። ኮፍያቸውን አደረጉ። ደረጃውን በዝግታ ወረዱ። ታች ካርታው ሲሰበሰብ፣ ጠረጴዛው ሲታጠፍ፣ ሞተሮች አንድ በአንድ ሲነሡ ተሰማ። ከሴቶቹም ገሚሱ ዓይናቸውን እየሰበሩ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ወጡ። እትዬ ዘሪቱ አልተነሡም። ጉልበታቸው ነው ወይስ ሌላ፣ አይታወቅም።

ፋና ጨርቁን ወንበር ላይ ጣለችው። ከቀሩት ፊት ቆማ «ሰኔ ላይ ወንድይፍራው ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር» አለች። «ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

የአምሃ ሚስት ሮማን፣ ጥግ ላይ፣ ጣቶቿን እያየች፣ «እኛም መጥተን ነበር» አለች። «ከበሩ ኋላ ሆኖ ነው የመለሰን። ሂዱ ብሎ።»

«እኔንም» አሉ እትዬ ዘሪቱ። «አጥሚት ይዤ። በሩን በእግሩ መታው። እንደ ውሻ ነው የመለሰኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ከዚያ ወዲህ ስሙን ለመጥራትም ተቀየምኩ።»

ሌላዋም ጨመረች። ወሬው ሳያስቡት እየሞቀ ሄደ፤ ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ የወራት ዝምታ በአንዴ አፍ አወጣ። አንዷ እንዲያውም የማሽኑን ድምፅ ልታስመስል ብላ ጀምራ አቆመች። ፋና ሁሉንም አዳመጠች።

«ታዲያ» አለች ሲጨርሱ፣ «እኔን ለምን አልነገራችሁኝም? የምሠራበትን ፓርኪንግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሎቻችሁ መንገደኛ ይዘው በፊቴ ያልፋሉ። ሮማን፣ አንቺ እዚያ ፓርክ አድርገሽ ቲኬት ቆርጬልሻለሁ። ሰላምታ ተሰጣጥተናል።»

ሮማን አንገቷን ደፋች። ታች መንገዱ ላይ አንድ የዘገየ ታክሲ ተነሥቶ ሄደ። ወንድይፍራው በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ወለሉን ያያል።

ፋና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘሪቱ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ብርድ አያገኛቸውም?» አሏት።

«እነማንን?»

«እነዚያን። ጠርሙስ ውስጥ ያሉትን።»

«አያገኛቸውም። የሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ናቸው።»

«ምን ያህል ይሞቃል?»

ፋና በቁጥር ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው። የአሮጊቷን እጅ ያዘች። የሻከረ፣ የቀዘቀዘ እጅ ነበር። ነጠላዋን ገልጣ ከራሷ አንገት ላይ፣ ከመንጋጋዋ ሥር፣ ደም ሥሯ ከሚመታበት ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ያህል» አለች።

እትዬ ዘሪቱ እጃቸውን አላነሡም።

ጋሼ ቀለመወርቅ ለአርባው አልመጡም። ሴሎቹ እስከ የካቲት መጨረሻ ኖሩ።